የኮምፒዩተሩ ክር

ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ ትልቅ ሰው ሆኖ ማየት አለበት የሚሉ አሉ። እኔ ሆኜ አይቼዋለሁ። አንገት ያሳምማል። ያሳመመኝ ኩራቱ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ አንገቴ ላይ ያንጠለጠልኩት ቁልፍም ጭምር ነው።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው፤ ወደ መጨረሻው ገደማ። መርሳ ከተማ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ አንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት የታይፕ ጸሐፊ ነበርኩ። በድርቁ ጊዜ እህል ሊያድሉ የመጡ የውጭ አገር ሰዎች ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ዕቃቸውን ለየመሥሪያ ቤቱ አከፋፈሉት። ለአንዱ አልጋ ደረሰው፣ ለአንዱ ወንበር ደረሰው፣ ለእኛ ኮምፒዩተር ደረሰን። አልጋ የደረሰው ተኛበት፤ ወንበር የደረሰው ተቀመጠበት። እኛ ግን ምን እንደምናደርገው ስላላወቅን ነጭ አቡጀዲ አልብሰን ለረጅም ጊዜ በአክብሮት ስናየው ከረምን።

በመጨረሻ አንድ ሰው አዲስ አበባ ሄዶ ይማር ተባለ። ማን ይሂድ? ኮምፒዩተሩ ፊደል ያለበት ገበታ አለው፤ ፊደል ያለበት ገበታ የሚመታ ሰው ደግሞ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ። ሄድኩ፣ ጥቂት ሳምንት ተማርኩ፣ ተመለስኩ። ከትምህርቱ ግማሹን አስተማሪው በእንግሊዝኛ ስለተናገረው አልገባኝም፤ የቀረውን ግማሽ ሲያስተምር ደግሞ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። ከዚህ የተረፈችውን ይዤ ባለሙያ ሆንኩ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ይዤ መጣሁ፤ ጫማ ማስወለቅን። እዚያ ኮምፒዩተር ያለበት ክፍል የሚገባ ሰው ሁሉ አቧራ እንዳያስገባ ጫማውን በር ላይ ያወልቅ ነበር። እኔም መርሳ ላይ ይህንኑ ደነገግኩ። የመርሳ አቧራ በመስኮት፣ በጣሪያ፣ በቁልፍ ቀዳዳ ሳይቀር እንደሚገባ ጠፍቶኝ አይደለም። ነገር ግን ሥራ አስኪያጃችን ጓድ ኃይሉ በራፌ ላይ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ሲፈታ ማየት የሚሰጠውን ደስታ የቀመሰ ሰው ስለ አቧራ አይከራከርም።

ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ «ከእኔ በቀር ይህን መሣሪያ ማንም አይነካውም!» እል ጀመር። በስብሰባ አልኩ፣ በሻይ ቤት አልኩ፣ ገበያ ላይ በርበሬ ለምትሸጥ ሴት ሳትጠይቀኝ ነገርኳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚለውን ተረት አውቀው ነበር፤ ስለ ሌላ ሰው የተነገረ ይመስለኝ ነበር እንጂ።

በዚህ ሁሉ ያልተገረመች አንዲት ሰው ባለቤቴ ወርቄ ናት። ቤታችን መብራት ስላልገባ የምናመሸው በፋኖስ ነው። ነጭ ጋዝ ደግሞ በቀበሌ ሱቅ ተሰልፈው፣ ተጋፍተው፣ ሲመሽም «አልቋል» ተብለው የሚመለሱበት ነገር ነበር። ስለዚህ ወርቄ ጋዝ ትቆጥባለች። ከተጋባን ጀምሮ «ክሩን ዝቅ አድርገው!» የሚለው ቃል ከአፏ ጠፍቶ አያውቅም። ከፋኖሱ አጠገብ ስነሣ ዝቅ፣ ደጅ ስወጣ ዝቅ፣ እንግዳ ሲሰናበት ዝቅ። ከአዲስ አበባ ስመለስ ስለ ኮምፒዩተሩ ትንፋሽ እስኪያጥረኝ ድረስ አወራኋት። አዳምጣ አዳምጣ፣ «ለመሆኑ ጋዝ ይበላል?» አለችኝ።

«ኧረ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው።»

«እንግዲያ ወጪው የመንግሥት ነው» አለችና ሽሮዋን ማማሰል ቀጠለች።

አሁን ወደ ጉዴ ልግባ። ከወልድያ አንድ ትልቅ ጓድ ኮምፒዩተሩን ሊጎበኝ ይመጣል ተባለ። መሥሪያ ቤቱ ግልብጥብጡ ወጣ። ግቢው ተጠረገ፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉት ድንጋዮች ኖራ ተቀቡ። በእኔ ክፍል ግድግዳ ላይ «ምስጢር መጠበቅ አብዮታዊ ግዴታ ነው» የሚል መፈክር በቀይ ቀለም ተጻፈ። እኔም የማሳየውን ስለማመድ ሰነበትኩ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ለየገበሬ ማኅበሩ የታደለው ዘር ምን ያህል እንደሆነ መጀመሪያ መስታወቱ ላይ ይታያል፣ ከዚያ ማተሚያው ያትመዋል። መስታወት የምንለው እንግዲህ የኮምፒዩተሩን ፊት ነው። ከመለማመዴ ብዛት ጣቶቼ ሌሊት በእንቅልፌ የወርቄን ጀርባ ታይፕ ያደርጉ ነበር።

በጉብኝቱ ዋዜማ፣ ሊመሽ ሲል፣ ጋሽ ሰይድ በመስኮት ብቅ አሉ። ጋሽ ሰይድ ጥበቃችን ናቸው፤ ጀኔሬተሩንም የሚያስነሡት የሚያጠፉትም እርሳቸው ናቸው። «ልጄ፣ ናፍጣው ማለቁ ነው፤ ላጠፋው ነው» አሉኝ። እኔም ተጣድፌ ተነሣሁ፣ መሣሪያውን አጠፋፋሁ፣ አቡጀዲውን አለበስኩት፣ ቆልፌ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ጀኔሬተሩ ተነሣ። ጫማዬን አወለቅኩ። ማብሪያውን ተጫንኩ። ሳጥኑ «ጡ!» የሚል ድምፁን አሰማ፣ ውስጡ ያለው ማራገቢያ መንፋት ጀመረ፣ ትንሿ አረንጓዴ መብራትም በራች። መስታወቱ ግን ድቅድቅ ጨለማ። ጠበቅኩ፤ ጨለማ። አጥፍቼ አበራሁት፤ ጨለማ። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁት፤ ጨለማ። ስለዚያች «ጡ» ስለምትለው ድምፅ አስተማሪው አንድ ነገር ብሎን ነበር። አንድ ጊዜ ካለ እንዲህ ነው፣ ደጋግሞ ካለ እንዲያ ነው ሲል እሰማለሁ፤ እንዲህና እንዲያ ምን እንደሆኑ ሊነግረን ሲል ነው እንቅልፉ የወሰደኝ።

ጓድ ኃይሉ ጫማውን አውልቆ ገባ። ጓድ ኃይሉ ደግ ሰው ነው፤ ግን ፈሪ ነው። ከክፉ ሰው ይልቅ የፈራ ደግ ሰው ያስፈራኛል።

«ምን ሆነ?» አለ።

«መስታወቱ እንቢ አለ።»

«ማን ነካው?»

«ማንም አልነካው። ከእኔ በቀር ማንም . . .»

ነገሬን ሳልጨርስ ገባኝ። እሱም ገባው። በዚያ ዘመን «ተበላሸ» የሚባል ነገር የለም። መኪና ከቆመ አሻጥር ነው፤ ወፍጮ ከተሰበረ አሻጥር ነው። አሻጥር ካለ ደግሞ አሻጥረኛ አለ። አሻጥረኛ የሚሄድበት ቦታ ይታወቃል፤ የሚመለስበት ቀን ነው የማይታወቀው። እኔ ደግሞ ለዓመት ያህል፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ አሻጥረኛው ማን ሊሆን እንደሚችል አገር ምድሩን ሳስጠና ኖሬአለሁ።

«ስማኝ ወንድሜ» አለ ጓድ ኃይሉ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ልጆች አሉኝ። ትልቁ ጓድ መጥተው ይሄ መስታወት ካልበራ የማውቀውን ነው የምናገረው። የማውቀው ደግሞ አንተው የነገርከኝን ነው።»

ልቤ ወደ እግሬ ወረደ። ካልሲዬ ውስጥ ሲመታ ይሰማኝ ነበር።

ጓድ ኃይሉ ወደ ቢሮው ሮጦ ሄዶ አንድ ጠርሙስ ይዞ ተመለሰ። ጠርሙሱ ላይ «ቀለም» ተብሎ ተጽፎበታል። ከፍቶ ወደ ኮምፒዩተሩ ሊረጭ እጁን ሲያነሣ ያዝኩት። «ጓድ! ምንድን ነው እሱ?»

ግራና ቀኙን አይቶ በጆሮዬ «ጠበል ነው» አለኝ። የፓርቲ አባል ነው፤ መሳቢያው ውስጥ የሚያኖረው በቀለም ስም ነው።

«ጓድ፣ ውሃና ኤሌክትሪክ አይስማሙም! ጭራሽ እንቃጠላለን!»

ከመስኮቱ በኩል ጋሽ ሰይድ ሁሉንም ይሰማሉ። «ዱዓ ይሻለዋል» አሉ በእርጋታ። «ዱዓ አያረጥብም።» እዚያው ቆመው መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልን፤ ጓድ ኃይሉም «አሚን» አለ፤ እኔም ከሁለቱም በላይ ጮክ ብዬ «አሚን» አልኩ። መስታወቱ ግን ንቅንቅ አላለም። «አብሽር ልጄ» አሉኝ ጋሽ ሰይድ፣ «አንዳንዱ ዱዓ መንገድ ላይ ይቆያል።»

ዱዓው እስኪደርስ በላይ ይጠራ ተባለ። በላይ ከመንገዱ ዳር የጭነት መኪና የሚጠግን መካኒክ ነው፤ መርሳ ላይ ቡሎን የሚፈታ ነገር ሁሉ ወደ እሱ ነው የሚሄደው። መጣ። እንደ ደንቡ ጫማህን አውልቅ አልኩት። አወለቀ። እግሩ ከጫማው ይጠቁር ነበር፤ መልሶ እንዲያጠልቅ ለመንኩት።

ጆሮውን ሳጥኑ ላይ ለጥፎ አዳመጠ። «ሞተሩ ጤነኛ ነው» አለ። «ጭስ ያወጣል?»

«አያወጣም።»

«ዘይቱ መቼ ተቀየረ?»

«ዘይት የለውም።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ዘይት ሳታደርጉ ነው ይሄን ያህል ጊዜ የነዳችሁት?»

ከዚያ ፈታው። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ጓድ ኃይሉ ጠርሙሱን አቅፎ ቆመ። ክዳኑ ሲነሣ ያየሁትን አልረሳውም። ሰዉን ሁሉ በካልሲ ያስኬድኩበት የመርሳ አቧራ እንዳለ ተሰብስቦ ውስጡ ተኝቷል። በላይ እፍ ሲልበት ሦስታችንም አስነጠሰን። ነፋው፣ ጠረገው፣ ነቃቅሎ ሰካካው፣ ገጠመው። ሲጨርስ አንዲት ቡሎን መዳፉ ላይ ቀረች።

«ይህችስ?» አልኩት።

«ትርፍ ናት። ፈረንጅ ሲሠራ ትርፍ አያጣም» ብሎ ኪሱ ከተታት። በኋላ እንደሰማሁት ወደ ግራና ከተማ የሚመላለስ የአንድ መኪናን በር ያሰረው በእሷ ነው፤ በሩ እንደ ድሮው በገመድ አይታሰርም አሉ።

አበራነው። «ጡ!» አለ። ጨለማ።

በላይ ራሱን አከከ። «ገፍተን እናስነሣው ይሆን?» አለ። መልስ ሳልሰጠው ጋሽ ሰይድ ከግቢው በር ላይ «መጡ! መጡ!» ብለው ተጣሩ። የመኪናው አቧራ ከሰዎቹ ቀድሞ ገባ።

ትልቁ ጓድ ሰፊ ትከሻ ያላቸው፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የታሰረ ቡትስ ያደረጉ ሰው ናቸው። እኔ በራፉ ላይ ቆሜ ምን እንደምናገር አስብ ነበር። አፌ ግን ልማዱን ያውቃልና እኔን ሳይጠይቅ «ጓድ፣ ጫማዎን!» አለ። የጓድ ኃይሉ ፊት አመድ ሲመስል አየሁ። ትልቁ ጓድ ትንሽ አሰቡ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው መፍታት ጀመሩ። ቡትሱ ሲወልቅ የቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ካልሲውን ቀዶ ብቅ አለ። ሁላችንም ባንድ ጊዜ ጣሪያውን ማየት ጀመርን። እሳቸውም ግራ እግራቸውን በቀኙ ላይ ጫን አድርገው ቆሙ።

ከጨለማው መስታወት ፊት ሲደርሱ የገዛ ፊታቸውን አዩበትና ኮፍያቸውን አስተካከሉ።

«ይሄ ነው?»

«አዎ ጓድ።»

«ለምንድን ነው የጠቆረው?»

ከጀኔሬተሩ በቀር የሚተነፍስ አልነበረም። ጓድ ኃይሉ የሚያውቀውን ሊናገር ከንፈሩን ሲያላቅቅ አየሁት። ዓይኔ መሸሻ ፍለጋ ግድግዳው ላይ ተንከራተተና ከቀዩ መፈክር ጋር ተገጣጠመ።

«ምስጢር እንዳይወጣ ነው ጓድ» አልኩ።

«እንዴት?»

«መስታወቱ ላይ ከታየ ማንም ያየዋል። በመስኮት የሚያልፈውም ያየዋል።»

«ታዲያ አንተ እንዴት ታየዋለህ?»

«አላየውም ጓድ። እኔም እንዳላየው ነው።»

ትልቁ ጓድ አገጫቸውን ያዙ። እኔ ወርቄን እየተሰናበትኩ ነበር በሐሳቤ። «ሠራተኛው ራሱ አያየውም!» አሉ ቀስ ብለው። «የሚሠራው ሳይቀር አያውቀውም! እንግዲያ በል፣ አሳየኝ . . . ማለቴ፣ ሳታሳየኝ ሥራው።»

ተቀመጥኩ። ታይፕ ያስተማሩኝ ሴትዮ ገበታውን በዓይኑ ያየን ተማሪ ጣቱን በማስመሪያ ይመቱት ነበር። ስለዚህ ሳያዩ መምታት ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር የምመታው በሕይወት መኖሩን አለማወቄ ነው። ጣቶቼን ለቀቅኳቸው። በወርቄ ጀርባ ላይ የተለማመዱትን አንድ በአንድ ተወጡት። የመጨረሻዋን መታሁና እጄን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩ። ምንም የለም። አንድ ዝንብ መጥታ መስታወቱ ላይ አረፈች።

ድንገት ማተሚያው «ጭርርር! ጭርርር!» አለ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከሁሉም በላይ የደነገጥኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱ እየተጣጠፈ ወጣ፤ የግራና ገበሬዎች፣ ስንዴው፣ ማሽላው፣ ጤፉ፣ አንዲት ሳትጎድል። ለካ መስታወቱ ጨለመ እንጂ ሳጥኑ ነገሩን ሁሉ ያውቃል። በላይ መጀመሪያ አጨበጨበ፤ ጓድ ኃይሉ ጠርሙሱን በብብቱ ይዞ አጨበጨበ፤ ጋሽ ሰይድ በመስኮት «አልሐምዱሊላህ!» አሉ። የዱዓው መልስ ደረሰ ማለት ነው፤ የመጣው ግን በማተሚያው በኩል ነው።

ትልቁ ጓድ ትከሻዬን መቱኝ። «እንዲህ ዓይነት ንቃት ነው የሚያስፈልገን! ደሴ ያሉት መሣሪያዎች ሁሉ ፊታቸው ወለል ብሎ ነው የሚታየው፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ! ነገ ከደሴ ባለሙያ አስመጣለሁ። እንዴት እንደሚጠቁርና እንዴት እንደሚበራ አሳየው፤ ዘዴው ለሁሉም ይዳረስ።» ይህን ብለው አውራ ጣታቸውን ወደ ቡትሱ መልሰው፣ መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሄዱ።

አቧራው ሲበተን ጓድ ኃይሉ ወደ እኔ ዞረ። «የማጥቆሩን ዘዴ ታውቀዋለህ አይደል?»

«የማጥቆሩስ ባልከፋ» አልኩት። «የማብራቱ ነው።»

ጠዋት አሻጥረኛ ነበርኩ፤ ከሰዓት በኋላ ትልቁን ጓድ የዋሸ አሻጥረኛ ሆንኩ። ሹመት እንዲህ በአንድ ቀን ከተጨመረለት ሰው መሐል እኔን የመሰለ የለም።

ማታ ቤቴ ስገባ ሽሮው ቀረበ፤ እኔ ግን አንድ ጉርሻ እንኳ አላነሣሁም። ወርቄ ትበላለች። ምን ብዬ ልንገራት? «ነገ ሰው መጥቶ ቢጠይቅሽ» አልኳት፣ «ባሌ ድሮም ሞኝ ነው እንጂ ክፉ አይደለም በዪ።»

«ይህን ለመናገር ነገን ምን አስጠበቀኝ?» አለች፣ እየጎረሰች።

ደጅ ወጥቼ ልተንፍስ ብዬ ተነሣሁ። ወዲያው ቤቱ ጨለመ፤ ወርቄም ጮኸች።

«ምነው! እኔ እየበላሁ? ሥጋ ያለው መስሎህ ነው በጨለማ የምታበላኝ?»

«ምን አደረግኩ?»

«ክሩን ነዋ!»

ዘወር ብዬ አየሁ። እጄ ፋኖሱ ላይ ነው። አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ከጎኑ ያለችውን ትንሽ ማዞሪያ ይዘዋታል። እኔ አላዘዝኳቸውም።

«እጅህ እኮ አንተን አይጠይቅም» አለች ወርቄ። «ከሚበራ ነገር አጠገብ ሲነሣ ዝቅ ነው። ቤተ ክርስቲያን የበራ ጧፍ አጠገብ ስትቆም እኔ ነኝ የምሳቀቀው።»

ከሚበራ ነገር አጠገብ ሲነሣ። ትናንት ሊመሽ ሲል ጋሽ ሰይድ «ላጠፋው ነው» አሉኝ፤ እኔ ተጣድፌ ተነሣሁ፤ ፊት ለፊቴ የሚበራ ነገር ነበር። ከመስታወቱ ግርጌ፣ በስተቀኝ፣ የፀሐይ ሥዕል ያለባት ትንሽ ማዞሪያ ነበረች። አዲስ አበባ ማንም አንድም ቀን ነክቷት አያውቅም፤ ስለ እሷም ማንም የነገረኝ የለም። እጄ ግን ያውቃታል። እፍ ብዬ አለማጥፋቴም ደግ ነው፤ እሱንም ቢሆን በእርግጠኝነት አልምልም።

«ወርቄ!» አልኩ፣ «አሻጥረኛዋ አንቺ ነሽ!» ብዬ ሮጥኩ። ሽሮዋን ይዛ አፏን ከፍታ ቀረች።

ጋሽ ሰይድ የመሥሪያ ቤቱ በር ላይ መግሪባቸውን ሰግደው ተቀምጠዋል። «ጋሽ ሰይድ፣ በሞቴ ጀኔሬተሩን ያስነሡልኝ!»

«ለነገ ያቆየኋት ጠብታ ናፍጣ ብቻ ናት ያለችኝ።»

«እሱ ካልበራ ለእኔ ነገ የለኝም!»

ፊቴን አዩና ሄደው አስነሡት። እኔም ከፍቼ ገባሁ፤ ጫማዬን ሳላወልቅ። ማብሪያውን ተጫንኩ። «ጡ!» አለ። ጨለማ። እጄን ወደ ግርጌው ሰደድኩና ማዞሪያዋን ልክ ክር ከፍ እንደሚደረገው ቀስ አድርጌ አዞርኳት። ከጨለማው ውስጥ አረንጓዴ ፊደሎች ብቅ አሉ፤ ደመቅ አሉ፤ ከዚያ ክፍሉን ሁሉ አበሩት።

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅኩ፤ ስስቅ ዕንባዬ ይወርዳል። ከጠዋት ጀምሮ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ተነሣልኝ። ነገ ቤቴ ነኝ፤ ከነገ ወዲያም ቤቴ ነኝ።

ጋሽ ሰይድ በመስኮቱ አንገታቸውን አስገብተው መስታወቱን ሲያዩ ቆዩ። «ሱብሃነላህ» አሉ። «ክር ነበረው እንዴ?»

«ነበረው ጋሽ ሰይድ።»

«ታዲያ ቀኑን ሙሉ ሆዱን ከምትቀድዱት መጀመሪያ ክሩን አታዩም?»

በማግስቱ ለጓድ ኃይሉ ሁሉንም ነገርኩት። ሰምቶ ሲጨርስ ጠርሙሱን ከመሳቢያው አወጣና «ቀለሙን» እስከ ግማሽ ጠጣው። የደሴው ባለሙያም ደረሰ። ራሰ በራ፣ መነጽር ያደረገ፣ ከመንገዱ የተነሣ ቆቡ ሳይቀር አቧራ የለበሰ ሰው ነው። ጫማውን ያለ ጥያቄ ሲያወልቅ ሙያውን አወቅኩለት።

ማዞሪያዋን አዞርኩ፤ ጨለመ። አዞርኩ፤ በራ። እሱም አዞረ፤ ጨለመ። አዞረ፤ በራ። ዞር ብሎ በሩን ዘጋ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ እስኪያለቅስ ድረስ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሁለታችንም ስንደክም ፊቱ ድንገት ጠቆረ።

«ትልቁ ጓድ ትናንት ለአለቆቼ ሁሉ ደውለው ተናግረዋል» አለኝ። «አሁን እኔ ሄጄ ነገሩ የብርሃን መቀነሻ ነው ብላቸው የሚታሰረው ማን ይመስልሃል?»

«እኔ።»

«የለም፤ እኔ። አንተ ባለማወቅህ ነው፤ እኔ በማወቄ ነው።» መነጽሩን መልሶ አደረገ። «ዘዴውን ያወጣው ማነው ልበል?»

«ባለቤቴ ናት።»

«የት ነው የተማረችው?»

«መሠረተ ትምህርት።»

ራሱን በአክብሮት ነቀነቀ። ለአለቆቹም «ዘዴው ተጣርቶ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል» ብሎ ተናገረ። ከዚያ ወዲህ ከበላይ አካል የመጣ ሰው በግቢያችን በር በገባ ቁጥር ጋሽ ሰይድ «ክሩን!» ብለው ይጮኹልኛል፤ እኔም ዝቅ አደርገዋለሁ። ሰውየው የገዛ ፊቱን አይቶ፣ ኮፍያውን አስተካክሎ፣ ተደስቶ ይሄዳል። ደሴም እንደዚሁ ነው አሉ።

ባለሙያው የሄደ ዕለት ቤቴ ስገባ አገር የተሰጠኝ ያህል ነበር። ወርቄ ነገሩን ሁሉ ሰምታ ከምንም ያልቆጠረችው አንዱን ብቻ ነው፤ ኮምፒዩተሩን። የቀረውን ደግማ ደጋግማ አስወራችኝ። «አመል ያወጣል ከመሃል ይሉ ነበር እናቴ» አለች። «አንተን እንኳ ሊያወጣህ ነበር። ተረፍክልኝ።» ድምፏ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ እሷም ለካ ስትፈራ ነው የዋለችው።

«ዛሬ ክሩን ከፍ አድርጊው» አልኳት። «እስከ አፉ ይንደድ። ፊትሽን ልየው።»

«ጋዙስ?»

«ይለቅ!»

ከፍ አደረገችው። ቤቱ እንደ ሠርግ ቤት በራ። ተያይተን ሳቅን፤ ስንስቅ አመሸን። በኋላ ውሃ ልጠጣ ብዬ ከፋኖሱ አጠገብ ተነሣሁ።

«ተው!» አለች ወርቄ።

ዘግይታ ነበር። ጨለማው ውስጥ ስትስቅ ይሰማኛል።